የፊት መብራቴ ቢጫ ሆኗል፤ በጥርስ ሳሙና ፈትጌው ተመልሶ ደበዘዘ። ምን ይሻላል?

አያት_ቪትዝ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። የምነዳው ቪትዝ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2003 ስሪት። የፊት መብራቶቹ ሁለቱም የዓይን ሞራ የያዛቸው ሽማግሌ መስለዋል። ከተማ ውስጥ የመንገድ መብራት ስላለ ብዙም አልተቸገርኩም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከደብረ ብርሃን ስመለስ መሸብኝ። ሸኖ አካባቢ ደግሞ ጉም ወረደ። አጭር መብራቱ ራሱን እንጂ መንገዱን አያበራም። ረጅሙን ሳበራው ነጭ ግድግዳ ፊቴ ቆመ። አንድ የፈረስ ጋሪ ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። ቤት እስክገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ከአምስት ሳምንት በፊት ዩቲዩብ ላይ አይቼ በጥርስ ሳሙና ፈትጌዋለሁ። ያን ቀን ባለቤቴ «አዲስ ገዛህ እንዴ?» ብላኝ ነበር። አሁን ከድሮውም የባሰ ደብዝዟል፤ ላዩም ሻክሯል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ መብራት ጠይቄ ነበር። የተባልኩትን ዋጋ እዚህ ጽፌ ቀናችሁን አላበላሽም። ያውም እሱ ራሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የቦሎ ምርመራም እየደረሰብኝ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ግን የሚቆይ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ወዲህ በሉ።

ሚኒባስ_ሳሪስ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3:41

ወንድሜ፣ እኔ እናቴ ድስት እንደምታሽበት በአመድ ነው የፈተግኩት። አሁን መብራቴ የሻይ ቤት ብርጭቆ መስሏል። አንተ ሳሙና ላይ መቆምህ እድለኛ ነህ ሃሃሃ።

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ከመግዛትህም ከመፈተግህም በፊት አንድ ነገር አድርግ። በጆግ ውሃ አምጣና መብራቱ ላይ አፍስስ። እርጥብ እንደሆነ ቶሎ ተመልከተው። ጥርት ካለ ችግሩ ከውጭ በኩል ነው፤ ይድናል። ውሃው የሻከረውን ሁሉ ሞልቶ ስለሚያስተካክለው ነው የሚጠራው። ረጥቦም ደርቆም ያው ደብዛዛ ከሆነ ግን ወይ ጉዱ ከውስጥ ነው፣ ወይ ፕላስቲኩ ሥጋው ድረስ ተሰነጣጥቋል። ያንን ምንም ብርጭቆ ወረቀት አያወጣውም።

ሌላም ልጠይቅህ። አምፖሉ ስንት ዋት ነው? ኤች 4 የሚባለው አጭሩ 55፣ ረጅሙ 60 ዋት ነው። ሰው መብራቱ ሲደክምበት መቶ ዋት ይገጥማል። ሙቀቱ ከኋላ ያለውን ብርማ መስታወት ያቃጥለዋል፣ ሶኬቱን ያቀልጠዋል። አምፖሉን ፍታና በቀዳዳው ወደ ውስጥ እይ። ብርማው ጠቁሮ ወይ ተልጦ ከሆነ ከላይ ብትፈትግ ከንቱ ድካም ነው። ያኔ ሶማሌ ተራ ትሄዳለህ፣ ዋጋውንም ትችለዋለህ።

አያት_ቪትዝ
ጥቅምት 12፣ ማታ 2:05

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ውሃውን ሳፈስበት የቀኙ በአንዴ ጥርት አለ። አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከዚያ ውሃው እየደረቀ ሲሄድ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መልሶ ሲደበዝዝ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ልጆቼ አራት ጊዜ አስደገሙኝ። የግራውም ጠርቷል፤ ግን ከውስጥ ታች በኩል የውሃ ጠብታ አለው። አምፖሎቹ መደበኛ ናቸው፣ ብርማውም ደህና ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር፦ የግራው ከቀኙ በጣም ይበልጥ ቢጫ ነው። ሁለቱም ደግሞ ከላይ በኩል ይብሳሉ፣ ከታች ጠርዛቸው እስካሁን ንጹሕ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ዕድሜ። ለምን?

ኬሚስትሪ_መምህርት
ጥቅምት 13፣ ቀን 7:30

መኪናውን የት ነው የምታቆመው? በግራ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

የመብራቱ ፊት ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ድንጋይ ቢመታው እንደ ብርጭቆ አይፈረካከስም፣ በዚህ ጎበዝ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ሲሠራው በጣም ስስ የሆነ ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል። ያ ሽፋን ዓመታት ይታገላል፣ በመጨረሻ ይሸነፋል። ሽፋኑ ሲያልቅ ጨረሩ ፕላስቲኩን ማግኘት ይጀምራል። ቢጫው የሚመጣው ያኔ ነው። ከላይ በኩል የሚብሰው ሰማይ የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ነው ብለን ፀሐዩን እንንቀዋለን እንጂ ቆዳችንም መብራታችንም ያውቀዋል።

የጥርስ ሳሙናው ለምን እንደከዳህም ከዚሁ ይገባሃል። ሳሙናው ውስጥ ጥርስ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለ። እሱ የሞተውን ላይኛ ክፍል ፋቀልህ፣ አበራልህ። ግን ከሽፋኑ የቀረችውን ጥቂት አብሮ ወሰዳት። ፕላስቲኩን ራቁቱን ፀሐይ ላይ አወጣኸው። አምስት ሳምንት መቆየቱም ይገርማል።

አያት_ቪትዝ
ጥቅምት 13፣ ቀን 8:02

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግቢው ውስጥ ቀኙ የአጥሩ ጥላ ሥር ነው፣ ግራው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቦታ ነው ያቆምኩት!

ዲሲ_ሹፌር
ጥቅምት 13፣ ማታ 4:50

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። እዚህ ራይድ የምንሠራ ልጆች ሌሊት ስለምንነዳ ይህ ነገር የዘወትር ወሬያችን ነው። በመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ በ20 ዶላር አካባቢ የመብራት ማደሻ ሙሉ ዕቃውን በካርቶን ታገኛለህ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ድሪል ላይ የሚገጠም ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሁለቱ ተመልሰው ቢጫ ሆኑ፤ ለምን ብትሉኝ መጨረሻ ላይ የሚቀባው መከላከያ ሽፋን ያለባትን ከረጢት «ይቺማ ጌጥ ናት» ብዬ ስለጣልኳት ነው። ሦስተኛውን በሥርዓቱ ቀባሁት፣ ሁለት ዓመት አለፈው።

ዋጋ አለው ወይ ለሚል ደግሞ፦ ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር በፈረንጅ 2018 የደበዘዙ መብራቶችን ለክቶ ነበር። አጭር መብራት ላይ ከአዲሱ ብርሃን 20 ከመቶ አካባቢ ነው የሰጡት። ሲታደሱ 70 ከመቶ አካባቢ ደረሱ። እንደ አዲስ አይሆንም፣ ግን ጋሪውን ታየዋለህ።

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። አሜሪካ እስከ 1983 የምትፈቅደው የታሸገ የብርጭቆ መብራት ብቻ ነበር። ሕጉ ሲላላ ሊንከን ማርክ ሰባት የ1984 ሞዴሉን በፕላስቲክ ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለ።

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 14፣ ጠዋት 1:05

እውነት ነው። ዲኤክስ ኮሮላ ላይ የነበረው ብርጭቆ ነው፣ ላዳም እንዲሁ። ድንጋይ ይሰብረዋል እንጂ ፀሐይ ምን ታደርገዋለች። በአርባ ዓመቱም ታጥቦ ያበራል። ፕላስቲኩ ግን ቀላል ነው፣ እንደፈለጉ ይቀርጹታል። ቅርጹን ወደድን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ተሸከምን።

ሐዋሳ_ላቫጆ
ጥቅምት 14፣ ቀን 5:20

ምን አደከማችሁ? አሁን በእንፋሎት የሚሠራ መጥቷል። ትንሽ ኩባያ ናት፣ ፈሳሹን ትጨምርበታለህ፣ ይሞቃል፣ ጭሱን መብራቱ ላይ ትነፋለህ። አምስት ደቂቃ! እኔ ላቫጆ ውስጥ ለደንበኛ እሠራለሁ። ሲወጣ እንደ ክሪስታል ነው።

ኬሚስትሪ_መምህርት
ጥቅምት 14፣ ቀን 6:10

ወንድሜ፣ ስለ ሥራህ ክፉ መናገሬ አይደለም። ስለ ደረትህ ግን ልናገር። ያ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ዳይክሎሮሜቴን ነው፣ አንዳንዴም ክሎሮፎርም። ዳይክሎሮሜቴን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከሰል ቤት ውስጥ አጭሶ ሰው የሚገድለው ጋዝ ማለት ነው። አሜሪካ በፈረንጅ 2019 ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ገብቶ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። አንተ ደግሞ አሙቀህ ፊትህ ሥር ትይዘዋለህ። ራስህን አሞህ አያውቅም?

ሐዋሳ_ላቫጆ
ጥቅምት 14፣ ቀን 6:33

ራስ ምታቱ አለ። ከፀሐዩ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛ ግን የሚፈልገው የአምስት ደቂቃውን ነው፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 14፣ ማታ 1:40

ለደንበኛውም አይበጅ። ጭሱ ላዩን ያቀልጠዋል፣ ለዚህ ነው እንደ ውሃ የሚያበራው። ሽፋን ግን አይሰጠውም። ፕላስቲኩም ከውስጥ ይጨነቃል። ከወራት በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይዞ የመጣ አይቻለሁ። በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሞከርኩት፣ ከሱ በሚሻክረው በ400 ሞከርኩት፤ ስንጥቁ አብሮ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚንም ያው ናቸው። በጨርቅ ነክሮ «ላጽዳው» የሚል ሰው አለ። ሲነካው ያበራል፣ ሲያድር ይሰነጠቃል።

አርባምንጭ_ላንድክሩዘር
ጥቅምት 14፣ ማታ 2:15

የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም ያበራል ብለውኝ ቀብቼ ነበር። መጀመሪያ ተአምር ነው። በማግስቱ አቧራው ሁሉ ተጣብቆበት አደረ፤ በጣቴ ስነካው ላዩ ማስቲካ ሆኗል። ያ ነገር ለካ ፕላስቲክ ያሟሟል። ስትቀቡት የሰዓታችሁን መስታወትም ጠብቁ።

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 15፣ ጠዋት 12:50

በሉ እንግዲህ፣ አሠራሩን አንዴ ልጻፈው፤ በየጊዜው ከመጠየቅ።

መጀመሪያ መኪናውን በደንብ እጠብ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብርጭቆ ወረቀት ሥር ከገባች ያንተን ሥራ ታርሰዋለች። በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም፣ ኮፈኑንም ፓራውልቱንም፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። አንድ ዙር ብቻ አይበቃም፤ እጅህ ስትደክም ትንሸራተታለች።

ብርጭቆ ወረቀቱ የውሃ ይሁን። በጣም ቢጫ ለሆነው ከ800 ጀምር፣ ለሌላው ከ1000። ባልዲ ውስጥ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርግና ወረቀቱን ንከረው። በ800 ስትፍቅ ወደ ጎን ብቻ ፍቅ። ከዚያ በ1000 ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ። ለምን? የጎኑ ጭረት ሁሉ ሲጠፋ ሥራው እንዳለቀ ዓይንህ ይነግርሃል። እየዞርክ ከፈተግህ መቼ እንዳለቀ አታውቅም።

መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፣ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። አትደንግጥ፣ እሱ ነው የሞተው። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ላይ ካርታ ይወጣል፤ እዚህ ደሴት፣ እዚያ ሐይቅ። ያ ካርታ የቀረው የፋብሪካ ሽፋን ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ይሰለቸዋል። ካርታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አትቁም። ውሃው ነጭ ብቻ ሆኖ ሲወርድ ንጹሑ ፕላስቲክ ላይ ደርሰሃል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እስከ 2000፣ ከዚያም 3000 ወርደህ በፖሊሽ አብርተህ ሰም መቀባት። ይህ ያምራል፣ ግን ሰሙን በየወሩ ማደስ አለብህ። ሁለተኛው ባለ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ክሊር መርጨት ነው፣ ቀለም ቀቢ መጨረሻ ላይ የሚረጨው። እሱ ዓመታት ይቆያል። ክሊር ልትረጭ ከሆነ ደግሞ ልብ በል፦ እስከ 3000 አትሂድ። 1000 ወይ 1500 ላይ አቁም። ላዩ ትንሽ ሻካራ ካልሆነ ክሊሩ የሚጨብጠው ያጣል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

የግራው ጠብታ ደግሞ ከአምፖሉ ኋላ ያለው የጎማ ክዳን በትክክል ስላልተገጠመ ሊሆን ይችላል። ክዳኑንም አምፖሉንም አውጣና መብራቱ ከውስጥ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይዋል። ስትመልሰው የጎማው ከንፈር ዙሪያውን መቀመጡን በጣትህ እየዞርክ አረጋግጥ። የአምፖሉን ብርጭቆ ግን በባዶ እጅህ እንዳትነካው፤ የእጅህ ወዝ ሲሞቅ ሊያፈነዳው ይችላል።

አያት_ቪትዝ
ጥቅምት 15፣ ቀን 6:40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ። 1000 ላይ ሳቆመው መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ እንዳለው ብርጭቆ ነጭ አይሆንም ወይ? ደግሞ ክሊር ከመረጨቱ በፊት በምን ልጥረገው? ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ሞልቶኛል።

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 15፣ ማታ 1:10

ነጭ ይሆናል፣ ልብህም ይደነግጣል። የጆጉን ውሃ አስታውስ። ውሃው ሞልቶ እንዳጠራው ክሊሩም ጭረቱን ሞልቶ ያጠራዋል፤ ልዩነቱ አለመድረቁ ነው፤ ማለቴ ደርቆም እዚያው መቅረቱ።

ሳኒታይዘር ተው። እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨምሩበታል፣ ያ ቅባት ይቀራል። ከፋርማሲ ንጹሕ አልኮል ግዛ።

ኬሚስትሪ_መምህርት
ጥቅምት 15፣ ማታ 1:35

ጋሼ ያልጠቀሱትን ልጨምር። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያስነሳል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ በትንሹም ይቀሰቀሳል። የጨርቅ ጭምብል አያግደውም። ማጣሪያ ያለው የቀለም ጭምብል ያስፈልጋል፣ ልጆችም ከግቢው ይውጡ።

ጋሽ_ጋራዥ
ጥቅምት 15፣ ማታ 1:50

እውነቷን ነው። እኔ ስልሳ ዓመቴ ነው፣ ደረቴ ግን የሰማንያ ነው። እንዲህ የሚል ሰው በእኛ ጊዜ አልነበረም።

ያሪስ_ሲኤምሲ
ጥቅምት 16፣ ጠዋት 3:30

ክሊር ለምትፈሩ፦ እኔ የሰሙን መንገድ ይዤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ፈግቼ እስከ 3000 ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እስኪፈላ የመኪና ሰም እቀባዋለሁ። ሦስት ደቂቃ። ሁለት ወር የዘለልኩ ጊዜ ጫፉ ላይ ወዲያው ቢጫ ብሎ አስታወሰኝ። ስንፍና ካለባችሁ ክሊሩ ይሻላችኋል።

ፍራንክፈርት_ጎልፍ
ጥቅምት 16፣ ቀን 9:00

እዚህ ጀርመን ያላችሁ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። መብራቱ ላይ የማጽደቂያ ምልክት ታትሟል፤ ላዩን ፍቃችሁ ሌላ ሽፋን ከቀባችሁ ማጽደቂያው ይወድቃል ነው የቱፍ፣ የመኪና መርማሪው ድርጅት፣ ሰዎች አቋም። እኔ ጥንዱን አዲስ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ማኪያቶ አልጠጣሁም።

አያት_ቪትዝ
ጥቅምት 24፣ ማታ 2:30

ሠራሁት! ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀመርኩ። የግራውን፣ የባሰውን አስቀደምኩ። ጋሼ እንዳሉት ቢጫው ሻይ ወረደ፣ ካርታው ወጣ። ካርታው እውነትም ትዕግሥት ይጨርሳል። አንዲት ደሴት ፍሬቻው ጥግ ላይ ቀርታ ግማሽ ሰዓት አሠራችኝ። ክርኔ እስከ ማታ ድረስ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። 1000ው ወረቀት ውሃ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ተበጠሰብኝ። ሌላ ልገዛ መውጣት ሰነፍኩና ከ800 ቀጥታ ወደ 1500 ዘለልኩ። ዓይኔ ጭረት አላየም፤ ነጭ ሆኖ ሳለ ሁሉም ጭረት አንድ ይመስላል። ለቀኙ ግን ልጄን ሱቅ ልኬ 1000 አስገዛሁ። ፕላስተሩም አንድ ቦታ ተነሥቶ ፓራውልቱ ላይ አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቀለም ፋቅሁ። አንድ ዙር አይበቃም ያሉኝን እንግዲህ ያኔ አስታወስኩ።

ክሊሩን ራሴ አልረጨሁም። የሰፈራችን ቀለም ቀቢ እሑድ ለሌላ መኪና ክሊር እንደሚበጠብጥ ነግሮኝ ነበርና በቀጠሮው ሄድኩ። በአልኮል ጠረግሁት፣ አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውሃ ረጨነው። ጭምብሉን አጥልቆ በስሱ አንድ ጊዜ ረጨ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቀና ደገመው። የመጀመሪያው ሲያርፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጩ መብራት ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየጠራ ሄደ፤ መጋረጃ የሚገፈፍ ነው የሚመስለው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ያን ጊዜ አንዲት ዝንብ መጥታ ግራው ላይ አረፈች። ቀቢው «አትንካት! ብትነካት ይብሳል» አለኝ። ራሷ ታግላ ወጣች፣ የእግሯን ምልክት ትታልኛለች።

ውጤቱ፦ ቀኙ እንደ አዲስ ነው። ግራው ቀን ላይ ያው ነው፤ ማታ ሲበራና ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የጎን ጭረቶች አሉት፤ የ800 ውርስ። ለሁለቱም የወጣው ወጪ ለአንዱ ያገለገለ መብራት ከተጠየቅሁት ሩቡን አይሞላም። የቦሎውንም ምርመራ አለፍኩ። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። መምህርትም።

ሚኒባስ_ሳሪስ
ጥቅምት 24፣ ማታ 2:44

የተረፈ ብርጭቆ ወረቀት ካለህ አትጣለው። የአመዱ ጉዳይ አላለቀም።

አያት_ቪትዝ
ሚያዝያ 6፣ ማታ 3:15

ክሩን በመቀስቀሴ ይቅርታ። ስድስት ወር ሆነ፣ መብራቱ እንዳማረበት ነው። ሌላ ችግር መጣ እንጂ። ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርግብኛል። በአጭር ነው የምነዳው! ትናንት አንድ የሲኖትራክ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ክሊሩ ነው እንዴ እንዲህ የሚበትነው?

ጋሽ_ጋራዥ
ሚያዝያ 7፣ ጠዋት 1:00

ክሊሩ አይደለም። ቪትዝህ መሪው የዞረ ነው አይደል? ቪትዝ የሚባለው ለጃፓን የተሠራው ነው፣ እነሱ በግራ ነው የሚነዱት። መሪውን ያዞሩልሃል፣ መብራቱን ግን ማን ያዞረዋል?

ማታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ ሜዳ ላይ አቁምና አጭሩን አብራ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ለካና ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ። የብርሃኑ ጠርዝ ከዚያ ምልክት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ጠርዙ ወደ የት እንደሚወጣ ተመልከት። ለእኛ አገር ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛው መንገድ ነው የሚወጣው።

አያት_ቪትዝ
ሚያዝያ 7፣ ማታ 2:50

ጋሼ፣ ወደ ግራ ነው የሚወጣው። ቀጥ ብሎ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስነዳ ኖሬያለሁ ማለት ነው? ለምን ማንም አልሰደበኝም?

ጋሽ_ጋራዥ
ሚያዝያ 8፣ ጠዋት 12:55

ቢጫው ሸፍኖልህ ነበራ!

የሚሻለው ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት ፈልጎ መግጠም ነው። እስከዚያው ግን እንግሊዞች በጀልባ ፈረንሳይ ሲሻገሩ የሚያደርጉትን አድርግ፤ መብራቱ ላይ ይለጥፋሉ። ግድግዳው ፊት አቁምና አብራ። ትንሽ ካርቶን መብራቱ ላይ ይዘህ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሳት። ግድግዳው ላይ ያ ወደ ግራ የወጣው ብርሃን የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ በካርቶኗ ልክ ጥቁር ፕላስተር ለጥፍ። ረጅሙንም ትንሽ ይቀንስብሃል፣ ቻለው።

አያት_ቪትዝ
ሚያዝያ 8፣ ማታ 3:40

ለጠፍኩ። ባለቤቴ ካርቶኑን ይዛ፣ እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቁሚ!» እያልኩ። የጎረቤት ዘበኛ ፊልም እያነሣን መስሎት አጥሩ ላይ ወጥቶ ሲያየን ነበር። ወደ ግራ የወጣው ጠፍቷል። አሁን ከአያት እስከ መገናኛ ደርሼ ተመለስኩ፣ አንድም ሰው ብልጭ አላደረገብኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ ፍቄ ያጠራሁት መብራት ላይ መልሼ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩበት ማለት ነው። ግራው ላይ ፕላስተሩ ያረፈው ልክ ዝንቧ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው።